ልጁ እኮ ደርሷል

አዲስ አበባ ውስጥ ድክ ድክ የሚል ልጅ ያለው ሰው ከዘመድ አዝማድ የሚደርሰው ወቀሳ አንድ ዓይነት ነው። «ይኼን ልጅ አንዳንዴ እንኳን ወጣ አታደርጉትም እንዴ?» ይላሉ አክስት። ወቀሳው የሚሰነዘረው ልጁ ግቢ ውስጥ ጭቃ በጆግ እየቀዳ፣ ከዚህ የተሻለ ቀን እንደማይመጣ እርግጠኛ ሆኖ በሚጫወትበት ሰዓት ነው። ወላጆች ግን ይደነግጣሉ፤ ለእሑድ ቀጠሮ ይያዛል። እሑድ ሲደርስ ዳይፐር፣ እርጥብ ሶፍት፣ ቅያሪ ልብስ፣ የቅያሪው ቅያሪ፣ ጡጦ፣ ምሳ ዕቃ፣ ለፀሐይ ኮፍያ፣ ለብርድ ሹራብ ይሰበሰባል። ልጁ ራሱ የሚታወሰው በመጨረሻ ነው። ታጥቦ፣ ቅባት ተቀብቶ፣ አዲስ ጫማ ተጫምቶ ከበሩ ሲወጣ የጎረቤት ድመት ያይና ቁጢጥ ይላል። ለእሱ ሽርሽሩ ተጀምሯል፤ ለወላጆቹ ግን ከወዲሁ ተሰናክሏል። «ና እንጂ፣ ረፈደ!» ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ያለው እዚያች ድመት ፊት ነው። ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ ሽርሽሩን ጀምሮ የሚጨርሰው ከግቢው በር ጀምሮ ባለው መቶ ሜትር ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ኪሎ ሜትር ሁሉ የአዋቂዎች ነው። ስለዚህ ዓላማው በእርግጥ ልጁን ማስደሰት ከሆነ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ልጁ እኮ ደርሷል።

ነገሩ የሰነፍ ወላጅ ሰበብ እንዳይመስል ማስረጃ ይቅረብ። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናትን አካሄድ ሲያጠኑ የኖሩት ካረን አዶልፍና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ከ12 እስከ 19 ወር ዕድሜ ያላቸው ልጆች እንደልባቸው ሲጫወቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ 2,368 እርምጃ እንደሚራመዱ፣ 701 ሜትር ያህል እንደሚሄዱና 17 ጊዜ እንደሚወድቁ ቆጥረዋል። በሰዓት 17 ጊዜ የሚወድቅ አዋቂ ቢገኝ ዘመድ ተሰብስቦ ግማሹ ሐኪም ቤት፣ ግማሹ ጠበል ይወሰድ ብሎ ይከራከርበት ነበር። ልጁ ግን ይነሣል፤ መዳፉን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፤ ይቀጥላል። ለክርክራችን ይበልጥ የሚጠቅመው መካከለኛው ቁጥር ነው። በሰዓት 701 ሜትር የሚሄድ ሰው ቀጥ ብሎ ቢሄድ እንኳን ከአራት ኪሎ ተነሥቶ ስድስት ኪሎ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ቀጥ ብሎ መሄድ ደግሞ በዚህ ዕድሜ የማይታወቅ ነገር ነው። ሦስት እርምጃ ወደፊት ይሄዳል፤ ሁለት ወደኋላ ይመለሳል፤ የመብራት ምሰሶውን ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ ይቀመጣል፤ ይነሣል፤ የመጣበትን ጉዳይ ይረሳል። ሰዓቱ ሲያልቅ ሰባት መቶ ሜትር ሄዷል፤ ያለው ግን ከተነሣበት ሃያ እርምጃ ርቆ ነው። እኛ ይህን «አልሄድ አለ» እንለዋለን። እርምጃ ቢቆጠር ግን ከቤተሰቡ ሁሉ አብልጦ የሄደው እሱ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እርምጃ ወዴት ነው? አዋቂ ያለ ምክንያት አይነሣም። ወይ ውኃ ሊጠጣ፣ ወይ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሊሰካ ነው። ስለ ልጅም የምናስበው እንዲሁ ነው፤ ወደ አንድ የሚያምር ነገር ካልጠራነው የሚንቀሳቀስ አይመስለንም። አዶልፍ ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ሌላ ጥናት የተወሰኑ ልጆችን አሻንጉሊት በሞላበት ክፍል፣ ሌሎቹን ደግሞ ምንም በሌለበት ክፍል ለቀቋቸው። በባዶው ክፍል ያሉት ልጆች አሻንጉሊት ከተሰጣቸው ባልተናነሰ ተዘዋወሩ። አዋቂ ባዶ ክፍል ውስጥ ቢገባ ግድግዳ ተደግፎ ስልኩን ያወጣል፤ ልጅ ግን ለመሄድ ምክንያት አያሻውም። እንግዲህ ከተማዋ ባለፉት ዓመታት መዳረሻ አላነሳትም። አንድነት ፓርክ በ2012፣ እንጦጦ ፓርክ በ2013፣ ሳይንስ ሙዚየም በ2015፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ዓ.ም. ተከፍተዋል። ለአዋቂ ሁሉም መታየት ያለባቸው ናቸው። የሁለት ዓመት ልጅ ግን ከሁሉም ውስጥ መርጦ የሚያወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደረጃ። የዐፄ ምኒልክን ታላቅ ግቢ እንዲጎበኝ የተወሰደ ሕፃን በመጀመሪያ ያገኘው እርከን ላይ ይወጣል፤ ይወርዳል፤ ደግሞ ይወጣል። ቤተሰቡ የታሪኩን አዳራሽ በየተራ ይጎበኛል፤ አንድ ሰው ደረጃው ሥር ዘብ ይቆማል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ቤተሰብ ደረጃ ፍለጋ ቤተ መንግሥት ድረስ መሄድ ትንሽ ይበዛል።

የልጁ ቁመትም መታሰብ አለበት። ከተሞችን በትንንሽ ልጆች ዓይን ለማየት የሚሞክር ኧርባን95 የሚባል ዓለም አቀፍ እንቅስቃሴ አለ፤ መነሻው 95 ሴንቲ ሜትር፣ የአንድ ጤነኛ የሦስት ዓመት ልጅ ቁመት ነው። እስቲ በዚህ ቁመት አንበሳ እንይ። የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ በ1940 ዓ.ም. አካባቢ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከተመሠረተ ወዲህ ስንት ትውልድ ሕፃን ተወስዶበታል። የግቢው አንበሶች ጥቁር ጎፈር ያላቸው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘረመል ጥናትም ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። አባት ይህን ሁሉ እያስረዳ ሳለ ልጁ 95 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆሞ የሚያየው የሰው የኋላ ኪስ፣ የሴት ቦርሳ፣ የአጥሩን የታችኛውን ብረት ነው። በመጨረሻ እሽኮኮ ተደርጎ ከፍ ይላል። አንበሳ ደግሞ በቀን እስከ ሃያ ሰዓት የሚያርፍ እንስሳ ነውና ተኝቷል። «ያውልህ አንበሳ! አየኸው?» ይላል አባት። «አዎ» ይላል ልጁ፤ የሚያየው ርግቧን ነው። ርግቧ ትንቀሳቀሳለች፣ ቅርብ ናት፣ መጠኗም ለእሱ ይመጥናል። በ95 ሴንቲ ሜትር ዓለም ውስጥ ትልልቅ ነገሮች ከላይ ያልፋሉ፤ መሬት ላይ ያለው ሁሉ ግን ፊት ለፊት ነው። ጉንዳን ተሰልፎ ሲሄድ፣ ቆርኪ አፈር ውስጥ ሲያብረቀርቅ፣ የቧንቧ ውኃ በጠጠር መሐል መንገድ ሲፈልግ ከሁላችንም ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። እነዚህ ሦስቱ የማይገኙበት ሰፈር በአዲስ አበባ የለም።

ሌላው የሽርሽር ጠብ የመሸከም ጉዳይ ነው። ግቢ ውስጥ ሲሮጥ የዋለ ልጅ መንገድ ሲወጣ በአምስት ደቂቃው ሁለት እጁን ዘርግቶ «እቀፊኝ» ይላል። «አሁን ስትሮጥ አልነበር እንዴ!» የሚለው ቁጣ ይከተላል። በዚህ ጉዳይ ልጁ ከአምስት ኪሎ ጠንካራ ምስክር አለው። አጽሟ በብሔራዊ ሙዚየም የሚጠበቀው ሰላም እ.ኤ.አ. በ2000 በዘረሰናይ ዓለምሰገድ በሚመራ ቡድን ዲኪካ ላይ የተገኘች፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች፣ ስትሞት ዕድሜዋ ከሦስት ዓመት የማያልፍ ሕፃን ናት። እንደ ድንቅነሽ ወገኖቿ ቆማ ትሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ እግሯ የወጣ ጥናት ግን የእግሯ አውራ ጣት ሥር ከአዋቂዎቹ ይልቅ ለመጨበጥ የሚመች እንደነበረና ይህም እናቷ ላይ ለመንጠልጠል ሳይረዳት እንዳልቀረ ይገልጻል። መሄድ የሚችል ልጅ «ተሸከሙኝ» ሲል እንግዲህ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያልተሻረ መብት እየጠየቀ ነው፤ በአንድ እሑድ ቁጣ አይሻርም። እናቶቻችን ጥናቱ እስኪወጣ ሳይጠብቁ አንቀልባ ሠርተው ነገሩን ጨርሰውት ነበር። ዘንድሮ ግን ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድ ባለ አራት ጎማ ጋሪ በስጦታ ያመጣል። ጋሪው የሰፈሩ ኮብልስቶን ላይ ሲገፋ ልጁ «አአአ» እያለ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ይሰማና በደስታ ይጮኻል፤ መቶ ሜትር ላይ ይሰለቸውና ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ጋሪው ቦርሳውን፣ እናት ልጁን ትሸከማለች፤ አባት ጋሪውን ይገፋል። ቤቱ መቶ ሜትር ላይ ከሆነ ይህ ሁሉ ቀልድ ነው፤ አሥር ኪሎ ሜትር ላይ ከሆነ ግን ፍቺ ያፋፍማል።

ፍትሐዊ ለመሆን ከሩቁ ጉዞ ልጁ ከልቡ የሚወደው ክፍል አለ፤ እሱም መጓጓዣው ነው። ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ውስጥ እናቱ ጭን ላይ የተቀመጠ ሕፃን ከረዳቱ ዓይኑን አይነቅልም። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይጣራል፣ በሩን ይደበድባል፣ ብር በጣቶቹ መሐል ይደረድራል። ከዚህ የሚበልጥ ትርኢት የሚያሳይ ፓርክ የለም። ማስረጃው በማግስቱ ልጁ ሶፋ ላይ ወጥቶ «ቦሌ! ቦሌ! አንድ ሰው!» ማለቱ ነው፤ ስለ ፓርኩ ምንም አይናገርም። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚመላለሰውን ቀላል ባቡርም ከድልድዩ ሥር ቆሞ ሲያልፍ ማየት በነፃ ነው። ታክሲው መንገድ ሲዘጋበት ግን ነገሩ ይገለበጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ውስጥ ተከፋፍሎ ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ እንዳለባቸው፣ ጋሪ ላይም ሆነ ጀርባ ላይ ታስረው በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት እንደሌለባቸው፣ ለሁለት ዓመት ልጅ ስክሪን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። መገናኛ ላይ መኪና ቆሞ፣ ልጁ ጭን ላይ ተጨብጦ፣ ለቅሶው እንዲቆም ስልክ ተሰጥቶት የሚያልፈውን ሰዓት በዚህ መመሪያ መዝኑት። «ልጁ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ስክሪን ላይ ዋለ» ብለን ልናወጣው ተነሥተን፣ መኪና ውስጥ አስቀምጠን ስክሪን ላይ አዋልነው። 180 ደቂቃውም የየዕለት እንጂ የእሑድ ብቻ አይደለም፤ ሳምንቱን ሙሉ ያልተሄደ እርምጃ በአንድ ቀን ፓርክ አይካካስም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። የመጀመሪያው የተማሩ ወላጆች ተቃውሞ ነው፤ «ልጅ ዓለምን ማየት አለበት፣ አእምሮው የሚከፈተው በዚህ ዕድሜ ነው» ይላሉ። የመጨረሻው እውነት ነው። ከዚያ የሚከተለው ግን አይከተልም። የአብዛኛው አዋቂ የመጀመሪያ ትዝታ የሚጀምረው ሦስት ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። በሁለት ዓመቱ እንጦጦ የወጣ ልጅ እንጦጦን የሚያውቀው ከፎቶ ነው፤ ፎቶውንም ደግሞ «ይኼ እኔ ነኝ እንዴ?» ብሎ ይጠራጠረዋል። «ከረሳው ታዲያ ሰፈሩንስ ቢያየው ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰፈሩንም ይረሳዋል። ነገር ግን ከሚረሳው ቀን ውስጥ የሚተርፍ ነገር አለ፤ ቃል፣ ሚዛን መጠበቅ፣ ሰው ማመን፣ ከቁልቁለት አለመውደቅ። እነዚህ የሚገኙት አንድን ነገር ደጋግሞ በማድረግ ነው። አንድን ተረት በአንድ ምሽት አምስት ጊዜ ካልተነገረኝ ብሎ የሚያለቅስ ፍጡር አዲስ ነገር አልጠማውም። ያችኑ ቁልቁለት ዛሬም ነገም ወርዶ፣ ሰኞ የወደቀባትን ዓርብ ቆሞ መውረድ ነው ትምህርቱ። ሩቅ ያለው ፓርክ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚታይ ሁልጊዜ አዲስ ነው፤ ሁልጊዜ አዲስ የሆነ ነገር ላይ ማንም አይሠለጥንም። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። ልክ ነው፣ አይበቃም። ነገር ግን ማቡካት የሚለመደው በዚያው ለእራት በማይበቃው ሊጥ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከቤት ውስጥ የሚነሣ ነው፤ «ይኼ የቆጣቢ አባት ፍልስፍና ነው» የሚል። ጥርጣሬው መሠረት የለውም አይባልም። እዚህ ድረስ አንብቦ ገጹን አጥፎ ኪሱ የከተተ አባት አይጠፋም። ሒሳቡ ግን በትክክል ይሠራ። የሽርሽር ወጪ ተብሎ የሚቆጠረው የመግቢያ፣ የታክሲ፣ ሁለት ጊዜ ተልሶ የወደቀው አይስክሬም፣ ክሩ አምልጦ ሰማይ የገባው ፊኛ ነው። ያልተቆጠረው ይበልጣል። ቅዳሜ ማታ ምሳ ዕቃ የምታዘጋጀው፣ እሑድ ከሁሉ ቀድማ የምትነሣው፣ መናፈሻው ውስጥ ማንኪያ ይዛ የምትሮጠው፣ ማታ ጭቃ የነካውን ልብስ የምትዘፈዝፈው በአብዛኛው ቤት አንዲት ሴት ናት። አባት ይነዳል ወይም ታክሲ ያስቆማል፤ ይከፍላል፤ ፎቶ ያነሣል፤ ቤት ሲደርስም ከሁሉ ቀድሞ «ደከመኝ» ይላል። የቤተሰብ የዕረፍት ቀን የተባለው ለእናት ከሰኞ የከበደ የሥራ ቀን ነው። በዚህ ላይ ዳይፐር ገና የተወ ልጅ ታክሲው መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ሳለ «ሽንቴ መጣ» ይላል። ይህን ቃል የሰማ ቤተሰብ ስለ ኢኮኖሚ አይወያይም። እስከ ሱቅ ድረስ የሚደረግ ሽርሽር ግን ቦርሳ የለውም። ምሳው ቤት ነው፤ ቅያሪው ቤት ነው፤ መጸዳጃውም ቤት ነው። ስለዚህ የሰፈር ሽርሽር በመጀመሪያ የሚያተርፈው ለእናት ጉልበት ነው፤ የአባት ኪስ የሚያገኘው ትርፍ በአጋጣሚ የመጣ ነው፤ ለዚያ ብቻ የሚደግፈን አባት ካለም ልጁን ይዞ የሚወጣው እሱ ራሱ ይሁንና ድጋፉን ያረጋግጥ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው፤ ስለዚህም ቀልድ አይበዛበትም። «የትኛው ሰፈር? የትኛው መንገድ?» ይላሉ ሰዎች። ክፍት ቱቦ አለ፤ ክዳኑ የጠፋ ጉድጓድ አለ፤ ወደኋላ የሚመጣ ኢሱዙ አለ፤ ከጥግ ብቅ የሚል ባጃጅና ሞተር ሳይክል አለ፤ በግንባታ ላይ ያለ ቤት አሸዋና ፌሮ መንገድ ላይ ዘርግቷል። በከተማችን በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ይህ ሁሉ ሲታሰብ አሥር ኪሎ ሜትር ተጉዞ አጥር ያለው ፓርክ የሚገባ ወላጅ ሞኝ አይደለም። እሱ የሚከፍለው ለአንበሳውና ለፏፏቴው አይመስለኝም፤ የልጁን እጅ ለቆ ሊያየው ለሚችልባት መቶ ሜትር መሬት ነው። ተቃውሞው እንግዲህ ክርክራችንን አያፈርሰውም፤ የጎደለው ትርኢት ሳይሆን መሬት መሆኑን ነው የሚመሰክረው። ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» እየተባለ የተመረጡ ጎዳናዎች ለተወሰነ ሰዓት ለመኪና ሲዘጉ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ቀን ከቀን በመኪና ተሞልቶ የምናውቀው አስፋልት ነበር፤ ወዲያው ግን በልጅ፣ በብስክሌት፣ በኳስ ሞላ። በኮሪደር ልማት የሰፉት የእግረኛ መንገዶችም ማታ ማታ ቤተሰብ ሲንሸራሸርባቸው ይታያል። ዋናው ጎዳና ተራው ከደረሰው የውስጥ ለውስጡም መንገድ ይድረሰው። በስንቱ ኮንዶሚኒየም ግቢ ልጆች ሊሮጡበት የሚችሉት ባዶ ቦታ መኪና ቆሞበታል! ስለዚህ አንድ የወረዳ ኃላፊ መናፈሻ ለመመረቅ መቀስ ከማንሣቱ በፊት የሁለት ዓመት ልጅ ጣት ይዞ ከአንድ ግቢ በር እስከ ሱቁ ይሂድ። ልጁን አንድም ጊዜ በድንጋጤ ሳይጎትት ከደረሰ ሰፈሩ አልፏል። ካልሆነ መቀሱን ይመልስና መጀመሪያ የቱቦ ክዳን ይግዛ።

አራተኛው ተቃውሞ አጭር ነው፤ «ወላጅስ ሰው አይደለም ወይ?» የሚል። ነው እንጂ። ሳምንቱን ሙሉ ሲሠሩ የከረሙ ባልና ሚስት እንጦጦ ወጥተው ከባሕር ዛፉ ሥር ማኪያቶ ቢጠጡ፣ ከተማውን ቁልቁል ቢያዩ ማን ይከለክላቸዋል? ይሂዱ። ግን በራሳቸው ስም ይሂዱ። የሽርሽር ጠብ ሁሉ ምንጭ «ለአንተ ብለን እዚህ ድረስ መጥተን!» የሚለው ሐረግ ነው። ልጁ ኑ አላለም፤ ጠጠር ላይ ቁጭ ብሎ ጠጠር ቢለቅም ውለታ አልካደም። ለራሳቸው መምጣታቸውን ያመኑ ወላጆች ግን ጠጠሩ ጊዜ ሰጣቸው ብለው ያመሰግናሉ፤ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ይጠጣል። ከአያት ዘንድ ትተውት ቢሄዱም አያት አይጠሉም፣ ልጁም አይጠላም። የፎቶ ጉዳይ የሚያሳስበው ካለ፣ ፎቶው ለልጁ ተብሎ እንደማይነሣ ሁላችንም እናውቃለን። ፀሐይ ፊት ቆሞ ዓይኑን የጨፈነባቸው አምስት ፎቶዎች ይነሣሉ፤ ስድስተኛው ላይ ያለቅሳል፤ ለዘመድ የሚላከው ሰባተኛው፣ ውሻ ሲያይ ሳያውቅ የሳቀበት ነው። ውሻው ደግሞ ሰፈርም አለ።

ታዲያ ጥሩ የሰፈር ሽርሽር ምን ይመስላል? የመጀመሪያው ሕግ ልጁ ይመራል፣ አዋቂው ይከተላል ነው። ሰዓቱ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፤ ምሳና እንቅልፍ ሳይቀርቡ፣ የከፍታ ከተማ ፀሐይም ሳትበረታ። መዳረሻው ሱቁ ነው፤ ባይደረስም ግድ የለም። አብሮ የሚወጣው አንድ አዋቂ ይበቃል፤ ስልኩ ቤት ይቅር። ከዚያ ያለው የሰፈሩ ፋንታ ነው፤ ሰፈርም በዚህ ረገድ ከየትኛውም ፓርክ ይበልጣል፤ ሰው አለበትና። ጉልት የተቀመጡት እትዬ ልጁ ከመደባቸው አንድ ሽንኩርት አንሥቶ ሌላ መደብ ላይ ሲያስቀምጥ ዝም ብለው ያያሉ፤ ሲሄድ ወደ ቦታው ይመልሱታል። ሊስትሮው የልጁን ጫማ በደረቅ ብሩሽ አንድ ጊዜ ይጠርግለታል። የሠፈሩ ቄስ ሲያልፉ መስቀል ያሳልሙታል፤ ከመስጊድ የሚመለሱት ሼህ ራሱን ዳበስ አድርገው «እደግ፣ ተባረክ» ይሉታል። ባለሱቁ ከረሜላ ይሰጠዋል፤ እናት አትስጠው ትላለች፤ ባለሱቁ «ለአንድ ቀን ነው» ይላል፤ ይህ ክርክር በየቀኑ ይደረጋል። ልጁ በዚህ መሐል ሰላምታ መስጠትና መቀበል፣ ተራ መጠበቅ፣ የሰው የሆነውን አለመውሰድ፣ ወይም ቢያንስ ወስዶ መመለስ ይማራል። ፓርክ ውስጥ የሚያገኘው ሰው ሁሉ እንግዳ ነው፤ እጁን ይዘን «አትንካ፣ ራቅ» እንለዋለን። ሰፈር ውስጥ ግን ስሙን የሚያውቁ አሥር ሰዎች አሉ። እጅ ሲያመልጥ ከእነርሱ አንዱ «ኧረ ልጁ!» ብሎ ይጮኻል። ይህ ጥበቃ በየትኛውም የመግቢያ ትኬት አይገዛም፤ የሚገኘው ልጁን በየቀኑ በማሳየት ብቻ ነው። ስለዚህ ሰፈሩ አያስተማምንም ብሎ ልጁን በር ዘግቶ ያሳደገ ሰው ያንን አለመተማመን በገዛ እጁ ያጠናክረዋል።

የዚህ ክርክር የዕድሜ ገደብ ግን በግልጽ ይነገር። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ሌላ ሰው ነው። እግሩ ቀጥ ብሎ መሄድ ለምዷል፤ ያየውን ያስታውሳል፤ ዓይኑ ከአጥሩ የታችኛው ብረት ከፍ ብሏል፤ ከሁሉም በላይ ትምህርት ቤት ገብቶ ጓደኞቹ የት የት እንደሄዱ ሰምቷል። እንጦጦ ፈረስ እንዳለ፣ አንድነት ፓርክ አንበሳ እንዳለ፣ የማን አባት ወስዶ የማን አባት እንዳልወሰደ በዝርዝር ያውቃል። ዝርዝሩን ይዞ ሲመጣ መክፈል ነው፤ የሚከፈለውም ለሚገባው ሰው ነው። እስከዚያ ድረስ ያሉት ዓመታት ወላጅ በነፃ የተሰጡት ናቸውና በሰልፍና በመንገድ መዘጋጋት አያባክናቸው። ገጹን አጥፎ ኪሱ የከተተው አባትም ልብ ይበል። ልጁ በአምስት ዓመቱ «እንጦጦ ውሰደኝ» ሲለው ወረቀቱን አውጥቶ «ሰፈርህ ይበቃሃል፣ ተጽፏል» ቢል፣ ጽሑፉ ከአራት ዓመት በላይ ላሉ እንደማይሠራ ልጁ በዚያን ጊዜ ራሱ አንብቦ ይነግረዋል።